ሞት በቁም አይጻፍም

እትዬ የሺ ማረፋቸውን የሰማሁት ሞጣ ቢሮዬ ውስጥ፣ የአንድ ፕሪንተር ሆድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ በቆምኩበት ነው። የደወለችልኝ ጥሩዬ ናት፤ ቢቸና አብረን ስንሠራ መዝገብ ቤቱን የያዘችው።

«አንዷለም፣ ተቀምጠሃል?» አለችኝ ከሰላምታ በፊት።

«ኧረ ቆሜ ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

እዚያው ላይ ገባኝ። በዚያ መሥሪያ ቤት ሰውን መጀመሪያ ተቀመጥ የሚሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቻችን የተማርነው ከእሳቸው ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እትዬ የሺ ማክሰኞ ጠዋት አርፈው ረቡዕ እድሩና ሰፈሩ እንደቀበሯቸው ነገረችኝ። የስልክ መስመር ስላልነበረ ነው እስከ ዓርብ የዘገየችው። ቀብሩ አመለጠኝ ማለት ነው። በእኛ አገር ቀብር ያመለጠው ሰው ሰበብ አያጣም፤ ከራሱ ጋር መታረቁ ነው የሚቸግረው።

እትዬ የሺ የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ነበሩ። ሰው ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ሲፋታና ሲሞት የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። ማኅተም ሲመቱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልማድ ነው» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ድምፁን የሚጠሉት ይመስለኛል። ከጠረጴዛቸው ፊት ለፊት አንዲት የእንጨት ወንበር ነበረች። ልደት ሊያስመዘግብ የመጣ ቆሞ ይስተናገዳል፤ ለጋብቻ የመጣ ቆሞ ይስቃል። ሞት ሊያስመዘግብ የመጣ ሰው ግን እዚያች ወንበር ላይ ካልተቀመጠ እስክሪብቷቸው ከጠረጴዛው አይነሣም። ሰልፉ እስከ በሩ ቢደርስም፣ ሰውየው «ግድ የለም፣ እቸኩላለሁ» ቢልም አይሰሙም።

«ሞት በቁም አይጻፍም» ይሉታል። «ተቀመጥና ስሙን ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

ይህ ነገር ሕግ ውስጥ የለም፤ መመሪያም ውስጥ የለም። ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ካልፈለግሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ።

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን ሞት ሊያስመዘግቡ ከገጠር መጡ። ተቀመጡ። የሟች ስም ሲባሉ ዝም አሉ። አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ «የጌታሁን እናት» ብለው ነው የሚጠሯት፤ ስሟን አፋቸው ላይ አውጥተው አያውቁም። ስሙ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ሞታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠሯት መሆኑ ነው የከበዳቸው። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። እኔ «የጌታሁን እናት ተብሎ ይጻፍና ኋላ ይስተካከላል» አልኩ። እትዬ የሺ በመነጽራቸው ላይ አዩኝ። መዝገቡን ገልጠው ጠበቁ። ብዙ ቆይተው ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ «ጥሩዓለም» አሉ። እትዬ የሺም በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉት።

እዚህ ላይ እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ ኋላ ለሚመጣው ጥፋት ያስፈልጋል። ሞጣ ተወልጄ፣ ኮምፒውተር ተምሬ፣ የአይሲቲ ባለሙያ ተብዬ ቢቸና የተመደብኩ ሰው ነኝ። የተበላሸ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ያልተበላሸ ነገር ሳይም ይበላኛል። እናቴ «አንተ የሰው በር ሲጢጥ ሲል ሰምተህ ቅባት ይዘህ የምትገባ ነህ» ትለኝ ነበር፤ ምርቃት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ የሺ በተቃራኒው አጥብቀው የሚጠሉት ስርዝ ድልዝ ነው። ቅጽ ላይ ስሕተት ከተገኘ አይፋቅም፣ በነጭ ቀለም አይሸፈንም፣ አይቀደድም። በቀይ እስክሪብቶ «ዋጋ የለውም» ተብሎ ይጻፍበትና ከነተራ ቁጥሩ ካቢኔቱ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። «መሳሳትህን መደበቅ ሌላ ስሕተት ነው» ይላሉ። አንድ ሰውዬ ደግሞ ከአንድ ሹም የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ይዞ መጣ። ልጁን ዐረብ አገር ሊልክ ዕድሜዋ ላይ ሦስት ዓመት እንዲጨመርላት ፈልጓል።

«ሦስት ዓመት ከየት አምጥቼ ልስጣት?» አሉት እትዬ የሺ። «አንቱ ቤት የተረፈ ዘመን አለ?»

«አንቱ ብቻ ጻፉልኝ። ዘመኑን እሷ እየሠራች ትሞላዋለች።»

«ያልኖረችውን ስጽፍላት የኖረችውን እወስድባታለሁ። አይሆንም።»

ሹሙ ተቆጣ። ጠረጴዛቸውን ለአንድ ወር ያህል ኮሪደር ላይ አስወጣው። እትዬ የሺ ያችን የእንጨት ወንበር ራሳቸው ተሸክመው ወጡና በነፋሱ ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ማህሌት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። አባቷ ገና ጡት ሳትጥል ነው የሞተ። እናትየዋ ሌላ ባል አላገቡም፤ ሌላ ልጅም የለም። ማህሌት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቀች ቤት ተቀምጣለች። ሆዴን አለች፤ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። ሳምንቱ ደግሞ መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ነበር። በሦስተኛው ቀን መኪና ተገኝቶ ወደ ሞጣ ሲወስዷት፣ ደብረ ወርቅን ሳያልፉ እናቷ ጭን ላይ አረፈች።

እትዬ የሺ በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሥራ ገቡ። እኔ ያን ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ላስነሣ እዚያው ነበርኩ። ጥቁር ለብሰዋል። ወደ ቦታቸው አልሄዱም፤ በባለጉዳይ በኩል ዞረው እዚያች የእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ፊት ለፊታቸው ያለው የራሳቸው ወንበር ባዶ ነው፤ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ጥቂት ቆይተው ተነሡ፣ ጠረጴዛውን ዞሩ፣ በቦታቸው ተቀመጡና መዝገቡን ገለጡ። የሟች ስም ጻፉ። ዕድሜ ጻፉ። የሞት ምክንያት ጻፉ። አስመዝጋቢ በሚለው የራሳቸውን ስም፣ ከሟች ጋር ያለው ዝምድና በሚለው «እናት» ብለው ጻፉ። ማኅተሙን ሲመቱ ያን ቀን ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«ውጭ የተሰለፈ ሰው አለ?» አሉኝ ከዚያ።

ከብዙ ወራት በኋላ በነጠላ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዘውልኝ መጡ።

«አንዱዬ፣ የማህሌት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ልየው።»

ፓስወርዱን ለማግኘት አልደከምኩም፤ የእናቷ ስም ነበር። ውስጡ የትምህርት ቤት ጽሑፎች፣ መዝሙሮች፣ ፎቶዎችና አንድ ጨዋታ አሉ። ጨዋታው የኑሮ ጨዋታ ነው። መተኮስ የለበትም፣ ማሸነፍም የለበትም። ሰው ትፈጥራለህ፤ መልኩንና ጠባዩን ትመርጥለታለህ፤ ቤት ትሠራለታለህ። ከዚያ እሱ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይማራል፣ ሥራ ይይዛል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ማህሌት ሁለት ሰው ፈጥራ ነበር። አንዷ ቀጭን፣ ረዥም፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት፤ ስሟ የሺ ይላል። ሌላዋ ልጅቷ ማህሌት ናት። ሁለት ክፍል ቤት አላቸው፤ በረንዳው ላይ አንድ ወንበር አለ።

እትዬ የሺ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት።

«እኔን ሠርታኛለች» አሉ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ደግሞ፣ «አፍንጫዬን ግን አሳምራዋለች» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የምሳ ሰዓታቸው የጨዋታው ሆነ። አስተማርኳቸው። ማውዙን ልክ እንደ ማኅተም ነበር የሚጫኑት፣ ከላይ ወደ ታች፣ በኃይል። ማህሌትን ያስነሧታል፣ ቁርሷን ያበሏታል፣ ትምህርት ቤት ይልኳታል፤ እስክትመለስ በረንዳው ላይ ያለችውን የሺን ወንበሯ ላይ ያስቀምጧታል። አንድ ቀን ድፎ ዳቦ ጋግረው ለእኔና ለጥሩዬ ይዘው መጡ። የምን በዓል እንደሆነ ብንጠይቃቸው «ብሉ ዝም ብላችሁ» አሉን። ኋላ ላፕቶፑን ስከፍት አየሁት፤ ማህሌት ተመርቃለች።

እጄን መብላት የጀመረኝ ያን ጊዜ ነው። ሞድ የሚባል ነገር አለ። ጨዋታውን ያልሠሩት ሰዎች በየቤታቸው ሠርተው በኢንተርኔት የሚለቁት ጭማሪ ነው፤ ስትጭነው ጨዋታው ቀድሞ የማያደርገውን ያደርጋል። የሀበሻ ቀሚስ የሚያለብስ አለ፣ ሹሩባ የሚሠራ አለ፣ ሰዎቹ እንዳይርባቸውና እንዳይደክማቸው የሚያደርግም አለ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ እንደ ገበያ ነጋዴ።

«ልጄ አውቃ ነው የተወችው» አሉኝ። ማህሌት በሕይወት ሳለች አንድ የክፍል ጓደኛዋ ያንኑ ሊጭንላት መጥቶ እንደመለሰችው ያስታውሳሉ። «ምን አለችው መሰለህ? የሰው እጅ ከገባበት እኔ ኖርኩት አይባልም አለችው።»

«እትዬ፣ ቀሚስ እኮ ነው!»

«ዛሬ ቀሚስ ነው። ነገ እንዳይርባት ታደርጋታለህ። ካልራባት ለምን አበላታለሁ? ከዚያ ወዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ሌላ ጊዜ ጉዳቱን ራሴው ነገርኳቸው፤ ባለሙያ ነኝና ሐቁን አልደብቅም። ጨዋታው ታድሶ ሞዱ ካልታደሰ እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ደካማ ላፕቶፕ ያንቀራፍፈዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዓመት ሙሉ የተጫወትክበት ቤት አንድ ቀን አልከፈትም ሊል ይችላል።

«ታዲያ ይህን እያወቅህ ነው የምታመጣልኝ?» አሉና ሳቁ። ከማህሌት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ሌላ ሰው ሲጭነው ነው እንጂ እኔ ስጭነው አይበላሽም» አልኳቸው።

«ይሁንልህ። የእኔን ግን አትንካብኝ።»

አትንካብኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልገባኝ ሰው አይደለሁም። ሰምቻለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ማህሌት ምድጃ ላይ ምግብ ጥዳ ረስታው ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ወደ ኋላ ተመልሶ እሳቱ ካልተነሣበት ሰዓት መጀመር ይቻላል፤ ማውዙን ልቀበላቸው እጄን ሰደድኩ። በክርናቸው ገፉኝ። ግማሹ ቤት ነደደ። ማህሌት እያለቀሰች ቆማለች፤ እትዬ የሺ ከንፈራቸውን ነክሰው ያያሉ። «ይንደድ» አሉ። «የሆነ ነገር ሆኗል። ነገ ትጠነቀቃለች።» በሚቀጥሉት የምሳ ሰዓቶች ግድግዳውን አንድ በአንድ መልሰው ሠሩት፤ ወንበሩንም በረንዳው ላይ በቦታው አደረጉት።

ከዚያ በጨዋታው ውስጥ ያለችው የሺ ሸበተች። ጎበጠች፤ እርምጃዋ አጠረ። እትዬ የሺ ምሳቸውን መብላት ተዉ። ቢሮው ለምሳ እንደተዘጋ ላፕቶፑን ይከፍታሉ፤ እኔን ይጠሩኛል።

«አንዱዬ፣ ስንት ቀን ቀራት?»

«አይታወቅም እትዬ። ካረጁ በኋላ በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው።»

«ያው እንደኛ ነዋ» አሉ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «የማህሌት ልብሶች ውስጥ ጥቁር አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ብዙ አማርጠው አንዱን ለዩ፤ ረዘም ያለ፣ እጅጌው የተዘጋ። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ደንቆሮ እንኳ በዚያች ጥያቄ ይነቃል። እኔ ግን ፊታቸው ላይ ያየሁትን ጭንቀት ፍርሃት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ልጇን የቀበረች ሴት አሁን ደግሞ የራሷን ሞት ልታይ ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ሰውን ሳይጠይቁ ማዘን የእኔ በሽታ ነው።

ለመስቀል ሞጣ ልሄድ ስል የላፕቶፑ ቻርጀር ተበላሸባቸው። «ይዘኸው ሂድና አሠራልኝ» ብለው በነጠላው ጠቅልለው ሰጡኝ። ቻርጀሩን አሠራሁ። ሞጣ አንድ ሆቴል ውስጥ ኔት ነበረ፤ ተቀምጬ ፈለግሁና ያረጀ ሰው እንዳይሞት የሚያደርግ ሞድ አገኘሁ። ጫንኩት። ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ቅጂ ያዙ፣ ቅጂ ያዙ» እያልኩ የምሰብክ እኔ፣ የዚያን ቤት ቅጂ አላስቀረሁም። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። ስመልስላቸውም አልነገርኳቸውም፤ ስጦታ አይለፈፍም ብዬ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህን አልክድም። ቤቴ እስክደርስ እያፏጨሁ ነው የሄድኩት።

ወር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። የሺ አልሞተችም። ማህሌት ሸበተች፤ እሷም ጎበጠች። በረንዳው ላይ ሁለት አሮጊቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የትኛዋ እናት የትኛዋ ልጅ እንደሆነች የሚለየው በመነጽሩ ብቻ ነው። እትዬ የሺ በየቀኑ ከፍተው ያያሉ፣ ይዘጋሉ። ገና ሊደርስ ሲል አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጠሩኝ።

«አንዱዬ፣ ይህች ሴትዮ ለምንድነው የማትሞተው?»

ፈገግ ብዬ ነገርኳቸው። እስከ ዛሬ ያ ፈገግታዬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴን መሸፈን ያምረኛል።

መነጽራቸውን አወለቁ። ክሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እንድትቀብረኝ እኮ ነው የምጠብቃት» አሉኝ። ድምፃቸውን አልጨመሩም። «እኔ ቀበርኳት። እዚህ ላይ እንኳ በወጉ ይሁን ብዬ ነው። እናት ትሙት፣ ልጅ ታልቅስ፣ ከዚያ ልጅ ትኑር። ይህን አይቼ ልዘጋው ነበር።»

«ግድ የለም፣ አወጣዋለሁ!» አልኩ። ያው እኔ ነኝና።

አወጣሁት። ጨዋታው ተነሣ፤ ቤቱ ግን አልተከፈተም። ፋይሉ ተበላሽቷል የሚል ጽሑፍ መጣ። ሞዱን መልሼ አስገባሁ፤ ያው ነው። ለመፈለግ ኔት ያስፈልጋል፤ ቢቸና በዚያ ሰሞን ኔት አልነበረም። ሁለት ሳምንት ታገልኩት። እትዬ የሺ በየቀኑ ምሳ ሰዓት መጥተው ከኋላዬ ይቆማሉ። በመጨረሻው ቀን ዞሬ አየኋቸው።

«እትዬ፣ አዲስ ቤት እንጀምር። ልክ እንደነበረው አድርጌ እሠራዋለሁ። ወንበሩንም፣ በረንዳውንም፣ መልካችሁንም።»

«እሷ የሠራቻት አይደለችም» አሉኝ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፑን በዚያው ነጠላ ጠቅልለው ወሰዱት። ሰላምታቸው አልቀረም፤ ስታመምም ሾርባ ልከውልኛል። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱዬ ብለው አልጠሩኝም፤ አንዷለም ሆንኩ። ዓመት ቆይቼ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ልሰናበታቸው ስሄድ ጉንጬን ስመው «እናትህን አትራቃት» አሉኝ። ይቅር በሉኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብዬ ነው፤ ሌላ ጊዜ የሚባለው ነገር ስንቱን ሰው አታሏል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሞጣ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን በመስኮቱ በኩል ሜዳውን አየሁ፤ ማህሌት የቱ ጋ እንዳረፈች ጠይቄያቸው አላውቅም። ቢቸና ስገባ ድንኳኑ አልተነሣም ነበር። ውስጡ የሰፈር ሰዎች ብቻ ናቸው። ከበሩ አጠገብ፣ ለሟች ቤተሰብ የሚተወው ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው፣

«ደም ግፊታቸው ነው፤ ሌሊቱን ደህና አድረው ጠዋት ወደቁ» አሉኝ። «ሞትስ ለሁሉም ነው ልጄ። አጎንብሶ አፈር የሚያለብስ ልጅ አጡ ብለን እኮ ነው የምናለቅስ።»

ያ ባዶ ቦታ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ማንም ተነሥ አላለኝም። እስከ እሑድ ማታ የመጣው ሁሉ እኔን «እግዜር ያጽናህ» እያለ ወጣ። ሰኞ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ጠሩኝና፣ ሞታቸው ገና እንዳልተመዘገበ ነገሩኝ። «አስመዝጋቢ ያስፈልጋል ይላሉ። የቢሮውን ነገር አንተ ታውቃለህ፤ ሂድልን» አሉኝ።

ሄድኩ። ጥሩዬ በር ላይ ጠብቃኝ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ካቢኔቱ ወስዳ ታችኛውን መሳቢያ ሳበችው። በቀይ «ዋጋ የለውም» የተባሉት ቅጾች በተራ ቁጥራቸው ተደርድረዋል። ከላያቸው በነጠላ የተጠቀለለው ላፕቶፕ አለ።

«እዚህ ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው» አለችኝ። «ይሠራ ይሆን? ውሰድና እየው እስቲ።»

«ያስቀመጡበት ይቀመጥ» አልኳትና መሳቢያውን መልሼ ገፋሁት።

እትዬ የሺ ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው የተተካችው ከወሎ የመጣች ወጣት ሴት ናት። ያች የእንጨት ወንበር ጥግ ተገፍታ ፋይል ተቆልሎባታል። ፋይሉን መሬት አውርጄ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብኳት። ልጅቷ ገረማት።

«በቁምም ይቻላል እኮ ወንድሜ። ቶሎ ነው የምንጨርሰው።»

«ልቀመጥ» አልኳት።

የሟች ስም ጠየቀችኝ፤ ቀስ ብዬ ነገርኳት። ዕድሜ ነገርኳት። የሞት ምክንያት ነገርኳት። አስመዝጋቢ ስትል ስሜን ከነአያቴ ሰጠኋት። የቀረችው አንዲት መስመር ነበረች።

«ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና?»

ባዶዋን መስመር አየኋት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እሑድ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ለቅሶ ስንደርስ አይቼዎታለሁ፤ በር ላይ ነበሩ። ልጃቸው ነው የመሰሉኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅ ብዬ ልጻፈው? ማን ይጠይቃል?»

እስክሪብቷ ቅጹ ላይ ቆሟል። አንዲት ቃል ናት። መዝገቡ እትዬ የሺን ልጃቸው አስመዘገባቸው ሊል ነው፤ እናት ቀድማ ሄዳ፣ ልጅ ቀርቶ ሊጽፍላት፣ በወጉ ሊሆን ነው። እኔ ያበላሸሁትን እኔው ላስተካክለው ነው። እጄን በላኝ። እግዜር ያውቃል፣ እንደዚያ ቀን በልቶኝ አያውቅም።

«የሥራ ባልደረባ ብለሽ ጻፊው» አልኳት።

ጻፈችው። ማኅተሙን ስታነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ።